ይቺኛዋ

የአባቴ ሱቅና ቤታችን አንድ በር ነበራቸው። ከመንገድ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሱቁን ነው፤ ከጀርባ ያለውን መጋረጃ ገለጥ ካደረገ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ዘው ይላል። ደንበኛ በስህተት ገብቶ ምሳ ላይ ያገኘን ቀን ብዙ ነው። አባቴ ፍሬም ሠሪ ነበር፤ ሰፈሩ «ባለመስታወቱ» ይለዋል። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የሞቱ አያቶች ፎቶ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ መጥቶ እንጨት ለብሶ ይሄዳል። ያደግሁት በመጋዝ ብናኝና በኮላ ሽታ መሀል ስለሆነ ዛሬም አናጢ ቤት አጠገብ ሳልፍ ቆም ብዬ አሸታለሁ።

የኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ግን ፎቶ አልነበረም። ልብስ ነበር። አባቴ ሳጥን የሚመስል ጠለቅ ያለ ፍሬም ሠርቶ፣ እናቴ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሰሌዳ ላይ በማይታይ ስፌት ሰፍታቸው፣ ከሶፋው በላይ የሕፃን ልብሶች ከመስታወት ኋላ በተርታ ተሰቅለው ነበር። ከግራ ሲጀመር በክር የሚታሰር የአራስ ልጅ ነጭ ሸሚዝ። ከዚያ የሱፍ ኮፍያና አውራ ጣቴን እንኳ የማትይዝ ካልሲ። ከዚያ ጉልበቱ በመዳህ የሳሳ ባለመስመር ቱታ። ከዚያ ትንንሽ ዓሣዎች የታተሙበት ቀሚስ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት ቁልፍ ያለው ቢጫ ሹራብ። እናቴ እጅጌያቸው ውስጥ ጥጥ ስለጠቀጠቀችበት ሁሉም ክንድ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከቢጫው ሹራብ ቀጥሎ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው።

«የማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን፣ መስታወቱን ስትወለውል።

«የልጄ» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ቤቱ ውስጥ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ነይ፣ ልጄ ብይ፣ ልጄ አፍንጫሽን ተናፈጪ ስትል የምትውለው እኔን ነው። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ያለቀለት ነበር። እንዲያውም ትንሽ ሳስብበት ቢጫውን ሹራብ የለበስኩበት ቀን ትዝ አለኝ። በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ውጪ ያካፋል፤ እናቴ ተንበርክካ ያንን ትልቅ ቁልፍ ስትቆልፍልኝ ጣቶቿ አገጬን ይነኩኛል፤ ሱፉ አንገቴን ይበላኛል። አሁንም ድረስ ቢጫ ሱፍ ካየሁ አንገቴን አካለሁ። ሹራቡን ግን አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም።

ግድግዳችንን ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ ይቀና ጀመር። ቀድማ የመጣችው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት። ወደዚህ ሰፈር ከመጣን ወዲህ ዳቦ ከሷ ነው የምንገዛው። የልጇን የሕፃንነት ቱታ በፌስታል ይዛ መጥታ «እንደናንተው አርጉልኝ» አለች። ሥራው ሲያልቅ ለመውሰድ የመጣችው ከራሱ ከባለቱታው ጋር ነበር። ልጅ ተብዬው ጭነት መኪና የሚነዳ፣ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰውዬ ነው።

«እኔ ነኝ ይሄን የለበስኩት?» አለ ፍሬሙን አቅፎ። «ኧረ ተይ እማማ፣ የሌላ ሰው ልብስ አምጥተሽ እንዳይሆን!»

«አንተው ነህ እንጂ። መዳፌ ላይ ነበር የምትተኛው። አሁንማ በር አይበቃህ!»

ሰውዬው ሱቁ እስኪናጋ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እናቴ ግን ብድግ ብላ በመጋረጃው ወጣችና ጓሮ ያለውን የቧንቧ ውኃ ለቀቀችው። የሚታጠብ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላም የልጅ ልብስ በፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። ደንበኛ የምትንቅ፣ ኩራተኛ እናት ያለችኝ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽም አፍርባት ነበር። የሰውን ልብስ ሰሌዳ ላይ የሚሰፋው አባቴ ራሱ ነው፤ በዚያ በወፍራም ጣቱ፣ መርፌው በወጋው ቁጥር የመርፌውን ዘር ማንዘር እየሰደበ። «እማዬ ለምን አትሰፋልህም?» ስለው «ዓይኗን ያማታል» ይለኛል። እሷ ግን እዚያው ማዶ ተቀምጣ በምሽት ብርሃን የኔን ካልሲ ትሰፋለች።

ከሹፌሩ አንድ ነገር ተማርኩ። ሰው ያድጋል፣ ልብሱ ያንሰዋል፣ ያነሰው ልብስ ይሰቀላል፤ እናቱም እያየች ትስቃለች። ታዲያ የኔ ለምን ቢጫው ሹራብ ላይ ቆመ? ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ያነሰኝ ልብስ ስንት ነው! አረንጓዴው ሱሪ፣ ባለ ኮፍያው ካፖርት፣ የመጀመሪያው ዩኒፎርሜ። አንዱም ግድግዳ አላየም። እናቴ እጅጌዬ አጠር ማለቱን ስታይ ፊቷ ይፈካል። «አነሰሽ? አነሰሽ እኮ!» ትላለች፣ ክንዴን ወደ ላይ ወደ ታች እያገላበጠች። ወዲያው ግን ልብሱን አውልቃ፣ አጥባ፣ ገና በደንብ ሳይደርቅ እሳት የጨበጠች ይመስል ለጎረቤታችን ልጆች ትሰጠዋለች። አንድ ሌሊት ቤታችን አያድርም። በነጋታው ካፖርቴ የሰው ልጅ ለብሶት ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል አያለሁ።

አንድ ትርጉም ብቻ ታየኝ። እስከ ቢጫው ሹራብ ድረስ የምወደድ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር አጥፍቻለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ግን ማስታወስ አልቻልኩም። መስታወት ሰብሬ ይሆን? የሰው ልጅ ነክሼ? አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጥፋቴን ስፈልግ እውል ነበር። ቢነግሩኝ ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት በየእሑዱ ትመጣለች። እናቴ «እትዬ» ስለምትላት እኔም እትዬ ነው የምላት። ሶፋው ላይ ለልብሶቹ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ይቺኛዋስ እንዴት ናት?» ትላለች። ለኔ የቁልምጫ ስሜ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሚጣ፣ ማሙሽ፣ ቡቹ ይባላሉ፤ እኔ ደግሞ ይቺኛዋ ነኝ። እንዲያውም ከነሱ የተሻለ ስም ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሚጣ በየቤቱ ሞልታለች።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ቤት ውስጥ ምን እየተባልን እንደምንጠራ በየተራ ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ ቆሜ «ይቺኛዋ» አልኩ። አስተማሪው ሳቁ አመለጠው። «አንቺስ ይቺኛዋ ነሽ፤ ያቺኛዋስ የት ሄደች?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዱ የኔ ነበራ! እቤት ድረስ እንዳይጠፋኝ እየደጋገምኩት ሮጥኩና እናቴን ማእድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። የአስተማሪውን ድምፅ አስመስዬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «ያቺኛዋስ የት ሄደች?» አልኳት።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ እዚያው የቆመችበት ቦታ፣ ቁጭ አለች። ሽንኩርቱ ያስለቀሳት መስሎኝ ፎጣ አቀበልኳት።

ያቺኛዋ እህቴ ነበረች። ከኔ በፊት ተወልዳ፣ ሦስት ዓመት አልፏት ጥቂት ቆይታ፣ አንድ ሰሞን በያዛት ትኩሳት ሄደች። ወላጆቼ ወደዚያ ሰፈር የገቡት እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች ነው፤ ስለዚህ የዳቦ ቤቷ ሴትዮም፣ ጎረቤቶቹም፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን እንደኔው የኔ ነው ብለው ያዩት ነበር። እናቴ አልዋሸችኝም። የልጄ ነው ነበር ያለችኝ። ይህን ሁሉ አባቴ የነገረኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነው፤ ያኔ ግን የማውቀው ነገር ቢኖር እትዬ ከዚያ ቀን ወዲያ ስሜን መጥራቷን ነው። ቁልምጫዬንም የወሰዱብኝ መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ እህትማማቾች ማእድ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ሳሎን ወለል ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«እስከ መቼ ነው ግድግዳ ስታዪ የምትኖሪው?» አለች እትዬ። «ይቺም ልጅ ናት እኮ።»

«ምን አጎደልኩባት እትዬ? አልበላች? አልለበሰች?»

«እሱንማ ማን አለ። ግን አቅፈሻት አላይም። ልትነኪያት ትፈሪያለሽ።»

 ከዚያ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስከ ሹራቡ ድረስ አውቃለሁ» አለች። «እስከዚያ ድረስ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቀውም። ማታ ትተኛለች፣ ጠዋት ትነሳለች፣ በየቀኑ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ከሹራቡ ወዲህ አላውቀውም እትዬ።»

አላውቀውም ያለችውን እኔ አላውቃትም ብዬ ሰማሁት። ጆሮዬ ነው፣ ልቤ ነው፣ አንዱ አጣመመው። እናቴ ከሹራቡ ወዲህ አታውቀኝም ማለት ነው፤ ሳድግ ጠፍቼባታለሁ።  ቢሆንም መላ የሌለው ነገር አልመሰለኝም። የማታውቀኝ የኔ ነገር ግድግዳው ላይ ስለሌለ ነው። ራሴን እሰቅልላታለሁ፤ ከዚያ ታየኛለች፤ ልክ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ያንን ፂማም ልጇን እንደምታየው ታየኛለች።

ሰማያዊ ቀሚስ ነበረኝ፣ ሁለት ኪስ ያለው። ብብቴ ላይ መጥበብ ሲጀምር ለእናቴ ሳልነግራት ከፍራሼ ስር ደበቅኩት። እናቴ ገበያ የሄደችበትና አባቴ ከመንገዱ ማዶ ላለ ደንበኛ መስኮት ሊገጥም የወጣበት ቀን እስኪገጣጠም ጠበቅኩ። ቀኑ ሲመጣ ሱቅ ገብቼ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ጠለቅ ያለ ፍሬም አገኘሁ። የአባቴን ሥራ ከልጅነቴ ስላየሁት ቅደም ተከተሉ አልጠፋኝም፤ ያጠረኝ ጉልበት ነው። ቀሚሱን ሰሌዳው ላይ በስፒል ወጋጋሁት። ከትራሴ ጥጥ መዝዤ እጅጌዎቹን ሞላሁ። ኪሶቹንም ሞላሁ፤ ያ የራሴ ፈጠራ ነው። ሶፋው ጀርባ ላይ ወጥቼ ሚስማሩን ስመታ የግድግዳው ቀለም ረገፈ፣ ጣቴም ተመታ። ፍሬሙ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ከቢጫው ሹራብ አጠገብ ተሰቀለ። ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን በውኃ አስተካከልኩ፣ ከስሩ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቴ ሁለት ዘንቢል ይዛ ገባች። አየችኝና ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ዓይኗ ከኔ በላይ ወጣ። ዘንቢሎቹ ከእጇ ወደቁ፤ ቲማቲሙ እስከ ሱቁ ድረስ ተንከባለለ።

«ማነው የሰቀላት?» አለች።

የሰቀላት ነው ያለችው። ልብስ እንዲህ አይባልም ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

«እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «አነሰኝ እኮ እማዬ!»

ሶፋው ላይ በጫማዋ ወጣች። ፍሬሙን በሁለት እጇ ይዛ ስትጎትተው ሚስማሩ ከነሲሚንቶው ተነቀለ፤ ፍሬሙ ወለሉ ላይ ወደቀና መስታወቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ተንበርክካ ከስብርባሪው መሀል ቀሚሱን መዘዘች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ለማውጣት ትዕግሥት አልነበራትም። ጥጡን ከእጅጌዎቹ በጥፍሯ እየጎለጎለች ስታወጣ እጇ ይደማ ነበር፤ ደሙን ያየሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

«ልበሺው!» አለችኝ።

«አነሰኝ እማዬ፣ አይገባም...»

«ልበሺው አልኩሽ! አሁኑኑ ልበሺው!»

በራሴ ላይ አጠለቀችብኝ። አንዱ ክንዴ ሲገባ ሌላው ውስጥ ተቀረቀረ። ሰማያዊው ጨርቅ ፊቴን ሸፍኖት ምንም አይታየኝም፤ የማውቀው የሷን ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ጆሮዬ ስር፣ ቁና ቁና። ብብቴ ስር ስፌቱ ሲተረተር ተሰማኝ። የምትቀጣኝ መሰለኝ። አንድ ሰው ያጠፋውን ሳያውቅ መቀጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራ አልረሳውም። ጭንቅላቴ ሲወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ እጁ ላይ የመስታወት መቁረጫውን እንደያዘ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሰቀለቻት!» ጮኸች እናቴ። «ግድግዳ ላይ ሰቀለቻት!»

«ማንን?»

«ልጄን!»

አባቴ መስታወቱን እየረገጠ መጣ። እናቴን ትከሻዋን ይዞ ወደኔ አዞራት። «ያውልሽ» አላት ቀስ ብሎ። «እያት። ቆማለች። እያለቀሰች ነው። እያት እንጂ።»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ወጣች። ብብቱ በተቀደደ፣ ጉልበቴን ባልደረሰ ቀሚስ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ለመንገድ ጎተተችኝ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ልጄ ናት» አለቻት ሴትዮዋን። «ትታይሻለች?»

«እንዴ! ምን ነካሽ እህቴ? እጅሽ እኮ እየደማ ነው።»

«ትታይሻለች ወይ ነው ያልኩሽ?»

ሴትዮዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። «አዎ» አለች ግራ ገብቷት። «እያየኋት ነው። ይኸው ቆማለች።»

ጫማ ጠጋኙንም ጠየቀችው። ጠጋኙ ቀና ብሎ አየኝና «አዎ፣ ትታየኛለች» አለ። እኔ የፈለግሁት መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ነው። አፍራብኝ፣ ለሰው ሁሉ እያሳየች የምታዋርደኝ መሰለኝ። ዛሬ ያቺን የያኔዋን እናቴን መንገድ ላይ ባገኛት አቅፌ «ትታየኛለች፣ ቆማለች» እላት ነበር። ያኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነው፤ በአንድ እጄ የተቀደደውን ብብቴን ሸፍኜ ተከተልኳት።

መጨረሻ ላይ የልብስ ሱቅ ገባን። ሻጩ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ነው።

«ለሷ ነው? ስንት ዓመቷ ነው?»

«ትልቅ ስጠኝ።»

አንድ አመጣ። «ከዚህ የሚተልቅ» አለች። ሌላ አመጣ። «ከዚህ የሚተልቅ።» እናቴ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ፣ ኮሌታ ያለው፣ ወይን ጠጅ ቀሚስ በጣቷ አሳየችው።

«ይሄማ የኮረዳ ነው እናቴ» አለ ሻጩ እየሳቀ። «ልጅቷን ይውጣታል።»

«ታድግበታለች።»

«እሱማ ታድጋለች፤ ግን ገና ስንት ዓመት...»

«ታድግበታለች አልኩህ!»

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ፊቷን ትንሽ አየው። ከዚያ ቀሚሱን አውርዶ አራገፈውና «እሺ» አለ። «ታድግበታለች።»

እዚያው፣ በተቀደደው ላይ ደርባ አለበሰችኝ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ተንዘላዘለ፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። በሁለት እጄ ሰብስቤ ይዤው ስንወጣ የሰፈር ልጆች ተንጫጩብኝ። እናቴ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤ በየጥቂቱ እየዞረች ታየኛለች። እኔ እየተደናቀፍኩ፣ ንፍጤንና እንባዬን በዚያ ረጅም እጅጌ እየጠረግሁ፣ እናቴ ልኬን እንኳ አታውቅም እያልኩ አለቅሳለሁ።

ቀሚሱ ልክ የሆነኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ያንን ቀን ሳታይ ነበር የሄደችው። አንድ ጠዋት ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩት፤ ትከሻው ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ። በሱቁ በኩል ስወጣ አባቴ ኮላ ከሚቀባው እንጨት ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ልክሽ ነው» አለኝ።

 ተመልሶ ኮላውን መቀባት ጀመረ፤ እኔም በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩለት፣ እንዲያየኝ።